የተረጎምኩልሽ ወረቀት

እማዬ፣

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከሦስት ቀን ሆነ። በስልክ ስንገናኝ ሁልጊዜ ቀድመሽ «ደህና ነሽ ወይ፣ በላሽ ወይ፣ ብርዱስ» የምትዪው አንቺ ስለነበርሽ እኔ መጀመር አልለመድኩም። ስለዚህ እንደጠየቅሽኝ ቆጥሬ ልመልስልሽ። ደህና ነኝ። በልቻለሁ። ብርዱም ያው የመካነ ሰላም ብርድ ነው፤ የምጽፍልሽ በረንዳሽ ላይ ተቀምጬ፣ ጋቢሽን ደርቤ ነው። ለሙት ዓመትሽ ነው የመጣሁት። ዝክርሽ ወጥቷል፤ ድንኳኑ ፈርሷል፤ የዕድሩ ወንበርና ድስት ተመልሷል። ከነገ ወዲያ ወደ ደሴ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወደ ጃፓን።

እስካሁን አላለቀስኩም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው። ለልቅሶ የመጡት ሴቶች ፊቴን አይተው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፤ አንዷ «ባሕር ማዶ የኖረ ሰው እንዲህ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። ጎረቤትሽ እትዬ ዘሀራ ብቻ «አብሽሪ ልጄ፣ በጊዜው ይመጣል» ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ብዙ ተቀምጠው ሲነሱ እግር የሚደነዝዘውን ታውቂዋለሽ። መሬቱን መርገጥሽን በዓይንሽ ታያለሽ እንጂ አይሰማሽም። እኔም እንደዚያ ነኝ፤ እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰው ያናግረኛል፣ እመልሳለሁ።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ። በክረምት የሚያፈሰው የጓዳው ቆርቆሮ ተለውጧል። ጌሾሽ አጥሩን አልፎ ወደ እትዬ ዘሀራ ግቢ ገብቷል፤ እሳቸውም «የእሷ እጅ ነው፣ አይቆረጥም» ብለው ትተውታል። አባባ ሽሮ መሥራት ተምረዋል። በዚህ ዕድሜያቸው፣ ድምፃቸው ለማኅሌት ብቻ የተፈጠረ የሚመስሉት መሪጌታ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ድስት ሲያማስሉ ብታያቸው ትስቂ ነበር። ጨው ወይ ሁለት ጊዜ ይጨምራሉ ወይ ጭራሽ ይረሱታል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙረውታል፤ ያንቺ ወገን ግን እንደተነጠፈ ነው የሚያድረው። ወንድሜ ይበልጣል አሁንም እዚሁ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ሁለተኛ ልጅ ወልዷል፣ ሴት ናት። በእማ ስም እንጥራት ብሎ ነበር። አባባ «የራሷ ስም ይኑራት» አሉትና ሌላ ስም ወጣላት።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልግባ። ግማሹን ታውቂዋለሽ። ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ የማታውቂውን ግማሽ መናገር አልችልም።

ከእኔ በፊት አራት ጊዜ አርግዘሽ አራቱም በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ወርደውብሻል። ይህን የነገርሽኝ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው፤ ምስር እየለቀምሽ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወሪ ሁሉ ቀና ሳትዪ። የአባባ እናት ምክንያቱን እንስራው ላይ አድርገውት ነበር። ከምንጩ አቀበቱን ውኃ ተሸክመሽ ስለምትወጪ ነው አሉ። አንቺም አመንሽ። ከአራተኛው በኋላ ውኃውን ሌላ ሰው እንዲቀዳልሽ ተደረገ፤ እኔ ተወለድኩ፤ አቆየሽ አላችሁኝ። ስለዚህ እንስራው መሆኑ በሁሉም ዘንድ የተረጋገጠ ሆነ። አንቺ ግን «አራቱን የገደልኳቸው ውኃ ስል ነው» አልሽኝ፤ አልሽና ምስሩን መልቀም ቀጠልሽ።

ጃፓን ሄጄ ልማር የመረጥኩት ይህንኑ ነው። እዚያ የምንሠራውን ሥራ በስልክ ስንት ጊዜ ላስረዳሽ እንደሞከርኩ ታስታውሻለሽ። ከሰው ቆዳ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ሕዋሶቹ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ቆዳ መሆናቸውን ትተው ገና ምንም ወዳልሆኑበት ዘመን ይገባሉ። ያኔ ስቴም ሴል እንላቸዋለን። ከዚያ ልብም፣ ነርቭም፣ አጥንትም መሆን ይችላሉ። በትክክለኛው ምግብና ሙቀት ሳህን ላይ ሲያድጉ ደግሞ እርስ በርሳቸው ተሰባስበው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፅንስ የሚመስል ነገር ይሠራሉ። ፅንስ አይደለም፤ ልጅ ሊሆንም አይችልም፤ ደንቡ የሚፈቅደው ቀን ሲደርስ እናቆመዋለን። የምናየው ማንም በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን ጊዜ ነው፤ ሴትዮዋ ራሷ ማርገዟን ሳታውቅ በፊት ያለውን፣ ብዙው እርግዝና ሳይታወቅ የሚቆምበትን።

ሁዳዴ ላይ ጃፓን ልትጠይቂኝ መጣሽ። ነጠላሽን ተከናንበሽ ከአውሮፕላን ማረፊያው ስትወጪ ያቺ ቀጭን ሻንጣሽ በጥቁር ክር ታስራ ነበር። ቤቴ በር ላይ ጫማሽን አውልቂ ስልሽ ደስ አለሽ። በማግስቱ ሰው ቤት ስንሄድ እዚያም ጫማ ወለቀ፤ በሦስተኛው ቀን «እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚገቡት» አልሽኝ። ከባሕር የሚወጣውን ቅጠል «የባሕር ጎመን» ብለሽ ስም አወጣሽለት፤ ጾም ስለማይሻር ወር ሙሉ በላሽው።

ላብራቶሪ ይዤሽ የሄድኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ነጩን ካፖርት አልብሼሽ፣ ፀጉርሽን በወረቀት ቆብ ሸፍኜ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጥኩሽ። መሃሉ ክፍት የሆነ፣ ዙሪያውን ሕዋስ የከበበው ትንሽ ድቡልቡል ነገር ነበር ያሳየሁሽ። መጀመሪያ ምንም አልታይሽ አለ፤ ከዚያ አገኘሽው።

«ነፍስ አለው?» አልሽኝ።

«ሕይወት አለው። የነፍስን እኔ አላውቅም፣ እማዬ።»

«አባትሽን እንጠይቃለን።» ዓይንሽን ከመነጽሩ ሳታነሺ «የእኔዎቹም መጀመሪያ እንዲህ ነበሩ?» ብለሽ ጠየቅሽ።

«አዎ። መጀመሪያ ሁላችንም እንዲህ ነን።»

«እንዲህ ያማሩ ነበሩ» አልሽ። ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ተነሥተሽ፣ ቆቡን ከራስሽ ላይ አንስተሽ፣ «ለምን እንደማይቆዩ የምታዩ ከሆነ ከእኔም ይውሰዱ» አልሽ። እኔ አልጠየቅኩሽም። ይህን ደጋግሜ ለራሴ ነግሬዋለሁ። አንቺ ነሽ ያልሽው።

ደንቡ የተመራማሪ ዘመድ ሲሰጥ የሚያስረዳውና የሚተረጉመው ሌላ ሰው ይሁን ይላል። በዚያች ከተማ አማርኛ የሚችል ሌላ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ሐኪሙ በጃፓንኛ እያነበበ እኔ ተረጎምኩልሽ። ስድስት ገጽ ነበር። ስምሽ በቁጥር እንደሚተካ፣ ቁስሉ ትንሽ እንደሚያምሽ፣ ሐሳብሽን በፈለግሽ ጊዜ መለወጥ እንደምትችዪ፣ ሁሉንም በትክክል ነገርኩሽ። በአምስተኛው ገጽ ላይ «ለጋሽ በሞት ቢለዩ፣ ሕዋሶቻቸው ማደጋቸውን እንዲቀጥሉ ይፈቅዳሉ?» የሚል ጥያቄ ነበር።

አየሁሽ። በወረቀት ኩባያ ሻይ ይዘሽ መስኮቱን ትመለከቺ ነበር። ያን ቃል ላንቺ ማለት አቃተኝ። ሟርት መሰለኝ። «ለረጅም ጊዜ ቢቆይስ ይላል» አልኩሽ። አንቺም «ይቆይ፣ ምን ቸገረኝ» አልሽ። «አዎ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። ከሥር በፊደላችን ስምሽን ጻፍሽ፤ ሐኪሙ ፊደሉን አይቶ እንዴት ያምራል አለ፤ ያንንም ተረጎምኩልሽ።

ከክንድሽ የምስር ፍሬ የምታክል ቆዳ ተወሰደች። አገር ቤት ስትመለሺ ጠባሳዋ ገና ቀይ ነበር።

ያንቺን ሕዋሶች ሌላ ባልደረባ ነበር የሚያሳድጋቸው። ለአንድ ዓመት ከሩቅ ነው ያየኋቸው። እሱ ሥራ ለውጦ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ለእኔ ተሰጡኝ። ማንም በስም አይጠራቸውም፤ ቁጥር ናቸው። እኔ ግን ቁጥሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር። በየቀኑ ጠዋት ሳህኑን ከማሞቂያው ሳጥን አወጣለሁ፣ አሮጌውን ፈሳሽ አነሣለሁ፣ ምግብ ያለበትን አዲሱን እጨምራለሁ፣ ፎቶ አነሣለሁ፣ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። ቅዳሜና እሑድም እንዲሁ ነው፤ ሕዋስ በዓል አያውቅም።

ባረፍሽበት ጥር ውስጥ ለብዙ ቀናት ስልክሽ አልሠራ አለ። የአገሩ ኔትወርክ ሁሉ ጠፍቶ ነበር፤ ከዚህ በፊትም ጠፍቶ ስለሚያውቅ አልደነገጥኩም። ሰኞ ዕለት ምሳ ላይ የይበልጣል መልእክት ገባ። «እማ ሐሙስ አረፈች። ዓርብ ቀበርናት። አይዞሽ።» ይኸው ነው። ሆድሽን አሞሽ እንደነበር፣ ወደ ደሴ የሚወስድሽ መኪና ሲፈለግ እንዳረፍሽ በኋላ ነው የሰማሁት። መልእክቱን አንብቤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። ከዚያ ተነሥቼ መዝገቡን ገለጥኩ። ሐሙስ ጠዋት በእጄ የጻፍኩት አለ፦ «ምግብ ተለወጠ። ደህና ናቸው።»

ያኔ ነው መሰለኝ የደነዘዝኩት። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አልቻልኩም። አንቺ አፈር ውስጥ ነሽ፤ አንቺ ሳህን ውስጥ ነሽ፤ ነገ ጠዋት ምግብ ትፈልጊያለሽ።

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ደሴ ብዙ ቀን ጠበቅኩ። በመጨረሻ በአንድ አይሱዙ ጋቢና መጣሁ። እዚህ የደረስኩት ካረፍሽ በሃያኛው ቀን ነው፤ መቃብርሽ ላይ ያለው አፈር ተደላድሎ ድንጋይ ተደርድሮበት ነበር። እጄን አስቀመጥኩበት። ቀዝቃዛ ነበር።

ለአርባሽ ጥቂት ቀን ሲቀር አባባ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ነገርኳቸው። መስጠትሽን ያውቁ ነበር፤ ጠባሳውን አሳይተሻቸዋል። ሕዋሶቹ አሁንም እንዳሉ ግን አላወቁም። «የቀበርናት ሙሉዋን አይደለም ማለት ነው?» አሉኝ።

«የተወሰደችው ቆዳ ራሷ አልቃለች፣ አባባ። ያለው ከእሷ የተባዛ ነው።»

«ግን ከእሷ ነው።»

«ከእሷ ነው።»

«ፈቅዳለች?»

አዎ አላልኳቸውም። ስለ አምስተኛው ገጽ ነገርኳቸው። ወረቀቱ ምን እንዳለ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ አንቺ ምን እንዳልሽ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «እሷ የመለሰችው አንቺ የጠየቅሻትን ነው» አሉ። «ወረቀቱ የጠየቀውን አልሰማችም።»

ማታ እራት ላይ ይበልጣል ሰማ። እሱ የተናደደው በሌላ ነገር ነው። «ጥፋት ከሆነ ሆኗል፤ ግን የሆነ ቦታ ከእሷ የቀረ ነገር ካለ ለምን እናጠፋዋለን? ፎቶዋን እናቃጥላለን እንዴ?» አለ።

አባባ «ፎቶ አይበላም» አሉት። «ይኼ በየቀኑ ይበላል አለችህ እኮ። የሚበላ ነገር ሕያው ነው። ሕያው ነገር ደግሞ ባለቤቱ ይጠየቃል።»

«ባለቤቷ እርስዎ አይደሉ? ይፍቀዱላታ።»

«ባሏ ነኝ እንጂ አፏ አይደለሁም» አሉ አባባ። ይበልጣል ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ። ወደ ቤቱ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ሁለተኛ ልትቀብሪያት ነው» አለኝ። ከዚያ ለወራት አላናገረኝም።

ወደ ጃፓን ተመልሼ ወዲያው አልተናገርኩም። ለሦስት ሳምንት ዝም ብዬ መገብኩሽ። እኔ በሌለሁበት ጊዜ ሌላ ሰው በደንብ ይዞሽ ነበር። በየቀኑ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ እየገባሁ ሳህንሽን እከፍት ነበር። ለጥናቱ አልነበረም። ለጥናቱ በየቀኑ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ማየት አያስፈልግም። የመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ትልቅ ምዕራፍ በአንቺ ሕዋሶች ላይ የቆመ ስለነበር ፈርቼም ይሆናል። ግን ከፍርሃቱ ይልቅ፣ ካቆምኩ በማግስቱ ጠዋት ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ለኃላፊዬ ነገርኳት። ትልቅ ሴት ናት፣ ቃል አታበዛም። ሰምታኝ ስትጨርስ «ለምን አሁን?» ብላ ጠየቀችኝ። «አባቴ ስለጠየቁኝ» አልኩ። አንገቷን ነቀነቀች። ጉዳዩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ በዚያ ጥያቄ ላይ ያለው ፈቃድ እንደማይጸና ተወሰነ። ቤተሰቡ በግልጽ ከተጠየቀና ከፈቀደ ሥራው ሊቀጥል ይችላል፣ ካልፈቀደ ሕዋሶቹ ይወገዳሉ አሉ። ወረቀቱን በዚህ ጊዜ ሌላ ከተማ ያለ አንድ የአገር ልጅ ተረጎመው። ይበልጣል ለአባባ አነበበላቸው። አባባ ከሥር በዚያ በብራና ጽሑፋቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሚስቴ ያልሰማችውን ጥያቄ እኔ ልመልስላት አልችልም። ይቅር።» ይበልጣል ምስክር ሆኖ ፈረመ። ሳይስማማ ፈረመ።

ሌላ ሰው ሊያደርገው ይችል ነበር፤ እኔ ልሥራው አልኩ። ቀኑን ለአባባ ነገርኳቸው። በዚያ ቀን ደብሩ ሄደው እንደጸለዩ አውቃለሁ፤ ምን ብለው እንደጸለዩ አልጠየቅኩም። እኔ ጓንት አጠለቅኩ። ሳህኖቹን ከማሞቂያው አወጣሁ። ለመጨረሻ ጊዜ በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ ደህና ነበሩ። ከዚያ በረኪና ጨመርኩ። ፈሳሹ ሐምራዊ ነበር፤ ቀለሙ ወዲያው ጠፍቶ እንደ ውኃ ሆነ። በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የቀዘቀዙትን ትንንሽ ብልቃጦችም አንድ በአንድ አውጥቼ እንደዚያው አደረግኩ። ደንቡ የሚለውን ያህል ደቂቃ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ደፋሁት፣ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እጄን ታጠብኩ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ሩዝ በላሁ። ምንም አልተሰማኝም። ይህንን ነው ለማንም ያልነገርኩት።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ላንቺም የሚገባሽ እሱ ነው። በሕይወት ሳለሽ የተነሡት ፎቶዎችና የተጻፉት ማስታወሻዎች በፈቃድሽ የተሠሩ ስለሆኑ አልተሰረዙም። ደጋግሜ አየኋቸው። ያንቺ ሕዋሶች ተሰባስበው ያን ድቡልቡል ነገር ይሠራሉ፤ ጥቂት ቀን ያድጋሉ፤ ከዚያ ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። በኋላ የእንግዴ ልጅ የሚሆነው የውጪው ሽፋን ስስ እንደሆነ ይቀራል። ለምን እንደሆነ አላገኘንም። የት ላይ እንደሚቆም ብቻ ነው ያየነው። ሳህን ላይ ያለው ነገር ማህፀን ውስጥ የነበረውን በሙሉ ይናገራል ማለትም አልችልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ብናገር ኃላፊዬ ትቆጣኛለች። ግን እማዬ፣ እነዚያ ሕዋሶች እንስራ አልተሸከሙም። አቀበት አልወጡም። ሙቅ ሳጥን ውስጥ ተኝተው፣ ምግባቸው በሰዓቱ እየተሰጣቸው ነበር የቆሙት። ውኃ ስትዪ የገደልሽው የለም። ይህን ቀድሜ አውቄ ብነግርሽ ኖሮ ብዬ አስባለሁ፤ ያወቅኩት ግን ካለፍሽ በኋላ ነው።

ያ ምዕራፍ ከመመረቂያ ጽሑፌ ወጣ። ከሌሎች ለጋሾች በተገኙ ሕዋሶች እንደገና እየሠራሁት ነው፤ መመረቄ ዘግይቷል። ኃላፊዬ የአማርኛውን የፈቃድ ወረቀት እንዳዘጋጅ ሰጠችኝ። በአምስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ቃል ሳልሸሽ ጻፍኩት። ባለፈው መስከረም እዚያች ከተማ አግብታ የምትኖር አንዲት የጎጃም ሴት ልትሰጥ መጣች። አነበብኩላት። «በሞት ቢለዩ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ትንሽ ወረደ። ሴትዮዋ ሳቀች። «ቢለዩ ነው የሚለው? እለያለሁ እንጂ» አለች። ከዚያ አሰብ አድርጋ «ያኔ ልጆቼ ይወስኑ፣ እኔ በእነሱ ላይ አልፈርድም» አለች። አዎ ወይም አይ ብቻ ነበር ስጠብቅ የነበረው። ሌላ መልስ ሊኖር እንደሚችል አስቤ አላውቅም። ያንቺም ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ምናልባት አንቺም ትስቂ ነበር።

ትናንት ከዝክሩ በኋላ ይበልጣል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የሕዋሶቹን ፎቶ አሳዪኝ አለ። አሳየሁት። ጣቱን ስልኩ ላይ አድርጎ አጎላው፣ አሳነሰው፣ መልሶ አጎላው። «ላኪልኝ» አለ። ደንቡ እንደማይፈቅድ ነገርኩት። እሺ አለ። ስልኩን ግን አልመለሰልኝም፤ አባባ ለእራት እስኪጠሩን ድረስ ይዞት ቆየ። ስንነሣ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

እማዬ፣ መቼም አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም። አንድ ጊዜ ባንቺ ፊት ቃል ለውጫለሁ፤ ሁለተኛ አልደግመውም። ሥራ በዝቶብኝ፣ ወይም እንዲሁ ደንዝዤ፣ ሳላስብሽ የሚመሽ ቀን እንደሚኖር አውቃለሁ። ባለፈው ወር ራሱ አንድ ቀን ነበር። ቃል የምገባልሽ ይህን ብቻ ነው፦ በረሳሁሽ ማግስት እንደገና አስታውስሻለሁ። ድምፅሽን፣ ክንድሽን፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ያጎነበሰው አንገትሽን። በዚያም ማግስት እንዲሁ።

ልጅሽ አቆየሽ